ቀን የሌለው ጉዳት፦ የአሜሪካ ባቡረኞች የሳንባ በሽታና የካሣ ሕግ

እጁ በሁለት ፉርጎዎች መጋጠሚያ መካከል የተቀጠቀጠበት ባቡረኛ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆመበትን ሐዲድ ጭምር ለይቶ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቧራ ሲተነፍስ የኖረ ባቡረኛ ግን ሳንባው በየትኛው ቀን እንደ ተጎዳ ሊናገር አይችልም፤ ሐኪሙም ሊነግረው አይችልም። የካሣ ሕግ በበኩሉ በባሕርዩ ቀን ይፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለ ሳንባ በሽታ ያካሄዱት ክርክር ታሪክ በአብዛኛው ይህን የጠፋ ቀን የመፈለግ ታሪክ ነው። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ መነሻው የአንድ መሣሪያ አሠራር በመሆኑ እኛን መሐንዲሶችንም በቅርብ ይመለከታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በስሙ ለይተን ከምንጠቅሰው የአገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1889 ለኮንግረሱ ባቀረቡት መልእክት የባቡረኛውን አደጋ በጦር ሜዳ ካለ ወታደር አደጋ ጋር አነጻጽረውት ነበር። ንጽጽሩ የተጋነነ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው የዳኝነት ልማድ፣ በሥራ ባልደረባው ጥፋት የተጎዳ ሠራተኛ ከኩባንያው ካሣ አያገኝም፤ ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ካጠፋ መብቱ ጨርሶ ይቀራል፤ አደገኛነቱን እያወቀ ወደ ሥራው በመግባቱም አደጋውን እንደ ተቀበለ ይቆጠርበት ነበር። በ1906 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። ሁለተኛው፣ ማለትም እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፌዴራል አሠሪዎች ኃላፊነት ሕግ፣ በሚያዝያ 1908 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የባልደረባ ጥፋት መከላከያ መሆኑ ቀረ፤ የሠራተኛው የራሱ ጥፋትም ካሣውን የሚቀንስ እንጂ የሚያስቀር አልሆነም። በ1939 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ አደጋውን ተቀብሏል የሚለው መከላከያ ተሰረዘ፤ የይርጋው ጊዜም ከሁለት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ከፍ አለ።

ይሁን እንጂ ሕጉ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ነው። ሠራተኛው የኩባንያውን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት። የየክፍለ ግዛቶቹ የሠራተኞች ካሣ ሕጎች ከ1911 ጀምሮ ጥፋት ሳይፈልጉ ልኩ የተወሰነ ካሣ መክፈልን ሲያስፋፉ፣ ባቡረኞች በቀድሞው መንገድ ቀሩ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ኃላፊነት ጥፋት ባይኖርበትም የሚጸና መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ሊያስገርመው ይችላል። የአሜሪካ ባቡረኞች ማኅበራት ግን የሚበልጠውን ካሣ የሚያስገኘው በሕዝብ ዳኞች (በጁሪ) ፊት መቆም ነው ብለው ሕጋቸውን አጥብቀው ሲጠብቁ ኖረዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ምርጫ እጁ ለተቆረጠ የሚበጀውን ያህል ሳንባው ለታመመ አይበጅም፤ የቆየ ቸልተኝነትን ማስረዳት ምስክርም ሰነድም የሚያሳጣ ሥራ ነውና።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። የሎኮሞቲቭ ጎማና ሐዲድ ሁለቱም ብረት ናቸው። ሐዲዱ በዝናብ፣ በጤዛ ወይም በቅባት ሲረጥብ የመንጃው ጎማ ባለበት ይሾራል፤ ባቡሩ ዳገት አይወጣም፣ ፍሬኑም በቅጡ አይዝም። መፍትሔው አሸዋ ነበር። በእንፋሎት ማሞቂያው ጀርባ ላይ ጉልላት የመሰለ የአሸዋ ማጠራቀሚያ ይሠራል፤ ነጂው ማንሻውን ሲያንቀሳቅስ አሸዋው በቧንቧ ወርዶ ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ ይፈስሳል። አሸዋው ግን ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ደረቁን አሸዋ ጎማው ሲፈጨው በዓይን የማይታይ የሲሊካ ብናኝ ይነሣል። ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ እዚያም ቁስል እየፈጠረ፣ ቁስሉም ወደ ጠባሳ እየተለወጠ፣ ሳንባው የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል። ይህ ሲሊኮሲስ የተባለው በሽታ ነው። ሠራተኛው አቧራውን መተንፈስ ካቆመ በኋላም ሊብስ ይችላል። ባቡሩን ከመንሸራተት የሚያድነው መሣሪያ በውስጡ ያለውን ሰው ትንፋሽ ይነሣው ነበር ማለት ነው።

ዩሪ የተባለው ሠራተኛ በሚዙሪ ፓሲፊክ የምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ያህል የሎኮሞቲቩን እሳት ሲያነድ የኖረ ሰው ነው። በግንቦት 1940 ከሥራ የሚያስወጣ ሕመም አደረበት፤ በሽታውም ሲሊኮሲስ ሆኖ ተገኘ። በኅዳር 1941 ክስ መሠረተ። የአሸዋ ማፍሰሻዎቹ በትክክል ስላልተስተካከሉ ከመጠን በላይ አሸዋ እየረጩ ብናኙ ወደ ነጂው ክፍል ይገባ እንደ ነበር በአቤቱታው ገለጠ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ በኪሳራ ምክንያት በፍርድ ቤት ተቈጣጣሪ እጅ ስለ ነበር፣ መዝገቡ የሚታወቀው «ዩሪ በቶምፕሰን ላይ» ተብሎ በተቈጣጣሪው ስም ነው። ጁሪው 30,000 ዶላር ፈረደለት፤ የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ ነገሩ ወደ ዋሽንግተን ሄደ።

የኩባንያው ጠበቆች ያነሡት ክርክር በአመክንዮው የተራቀቀ፣ በውጤቱ ግን ጨካኝ ነበር። በመጀመሪያ፣ ከ1910 ጀምሮ አቧራ ሲተነፍስ የኖረ ሰው በሽታው የያዘው ከክሱ ከሦስት ዓመት በፊት መሆን አለበትና ይርጋው አልፎበታል አሉ። ወይም ደግሞ እያንዳንዱ ትንፋሽ ራሱን የቻለ ጉዳት ስለ ሆነ፣ ሊጠይቅ የሚችለው ከኅዳር 1938 ወዲህ ለተነፈሰው ብቻ ነው አሉ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው መንገድ ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ መብቱን ያጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ በሳንባው ውስጥ ካሉት ቅንጣቶች መካከል የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ለይቶ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ይህን የሚለይ መሣሪያ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1949 በዳኛው ዊሊ ራትሌጅ ጸሐፊነት ሁለቱንም ክርክሮች አልተቀበለም። ጉዳቱ በአንድ ቅጽበት የደረሰ ሳይሆን በረጅም ጊዜ የተከማቸ ውጤት ስለ ሆነ፣ ይርጋው የሚቈጠረው በሽታው ራሱን ከገለጠበት ጊዜ ጀምሮ ነው አለ። በሕጉ ውስጥ «ጉዳት» የሚለው ቃል ድንገተኛ አደጋን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም እንደሚያጠቃልል ወሰነ። ጠፍቶ የነበረው ቀን በዚህ ተገኘ፤ ቀኑ አቧራው የገባበት ሳይሆን ሰውየው የወደቀበት ሆነ። ራትሌጅ ከዚህ ፍርድ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ዐረፉ።

በዚሁ ፍርድ ውስጥ ሌላም ነጥብ ነበር። በ1911 የወጣው የሎኮሞቲቭ ማሞቂያ ምርመራ ሕግ፣ በኋላ ወደ መላው ሎኮሞቲቭ ተስፋፍቶ፣ መሣሪያዎች ሁሉ ለአደጋ የማያጋልጡ እንዲሆኑ ያዝዛል። ፍርድ ቤቱ የተበላሸ የአሸዋ ማፍሰሻ ይህን ትእዛዝ እንደሚጥስ፣ የጣሰ ኩባንያም ቸልተኝነቱ ሳይመረመር ተጠያቂ እንደሚሆን ገለጠ። ይህን ሕግ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ በተቃራኒው ወገን ቆሞ እናገኘዋለን።

ከአሸዋ ቀጥሎ አስቤስቶስ መጣ። ማሞቂያዎችና የእንፋሎት ቧንቧዎች ሙቀት እንዳያባክኑ በአስቤስቶስ ይሸፈኑ ነበር፤ በፍሬን መያዣዎችም ውስጥ ይገኝ ነበር። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው ጉዳይ የኒውዮርክ ከተማ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በመከለያው ብናኝ ተሸፍነው ሲወጡ «የበረዶ ሰዎች» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ሰውየው ለሦስት ዓመታት በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ተጋልጧል፤ ነገር ግን ገና አልታመመም። ፍርድ ቤቱ የበሽታ ምልክት እስካልታየበት ድረስ ለሥጋቱ ካሣ አይገባውም፤ ለወደፊት ምርመራ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብም አይገባውም አለ። በ2003 ግን አስቤስቶሲስ የያዛቸው ስድስት የቀድሞ ባቡረኞች ጉዳይ ቀረበ። በባለሙያ ምስክርነት መሠረት ከእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ከአሥሩ አንዱ ሜሶቴሊዮማ በተባለው ካንሰር ይሞታል። አምስት ዳኞች በአራት ላይ፣ ፍርሃታቸው እውነተኛና ከባድ መሆኑ ከተረጋገጠ የሥቃያቸው ክፍል ስለ ሆነ ይካሣል አሉ። ሁለቱን ፍርዶች አጠገብ ለአጠገብ ሲያነቡ ወሰኑ የተሠመረው በሳንባው ጠባሳ ላይ መሆኑ ይታያል።

ከላይ አደራ ያልሁት ሕግ የተመለሰው በ2012 ነው። ከ1947 እስከ 1974 በሎኮሞቲቭ ጥገና የሠራ አንድ በያጅና መካኒክ ሜሶቴሊዮማ ይዞት ስለ ነበር፣ የተከሰሰው አሠሪው ሳይሆን አስቤስቶስ ያለባቸውን ዕቃዎች ያመረቱትና የሸጡት ድርጅቶች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የሎኮሞቲቭ መሣሪያ ጉዳይ በዚያው በ1911ዱ ሕግ ለፌዴራል መንግሥት ብቻ የተተወ ስለ ሆነ በክፍለ ግዛት ሕግ አምራቾችን መክሰስ አይቻልም ሲል ወሰነ። ዩሪን የረዳው ሕግ የዚህን ሠራተኛ ቤተሰብ መንገድ ዘጋ። አስቤስቶሱን በዕቃው ውስጥ እንዲገባ ያደረገው አምራቹ ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ ለእኔ የሚዋጥልኝ አይደለም።

የእንፋሎት ዘመን በአሜሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲያበቃ አሸዋው አልቀረም፤ ዲዘሎችም ይጠቀሙበታል፤ የዲዘል ጢስም ተጨመረ። በ2004 የታተመ፣ 55,000 የሚጠጉ ባቡረኞችን ከ1959 እስከ 1996 የተከታተለ ጥናት ከጢሱ ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ የነበሩት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በአርባ በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2012 የዲዘልን ጢስ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ መድቦታል። ሲሊካና አስቤስቶስ በራጅ ፎቶግራፍ ላይ ሐኪም የሚያውቀው ምልክት ይተዋሉ። ከዲዘል የመጣ ካንሰር ግን ከትምባሆ ከመጣው የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለሆነም በዛሬው ክርክር የጠፋው ቀኑ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። በ1957 የተሰጠውና በ2011 የጸናው ፍርድ የኩባንያው ቸልተኝነት በጉዳቱ ውስጥ ጥቂት ድርሻ እንኳ ቢኖረው ይበቃል ስለሚል ሠራተኛውን ይረዳዋል። ድርሻ መኖሩን ግን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ማስረጃው የሚገኘው የጢስ ማውጫው በየት በኩል እንደ ነበር፣ የነጂው ክፍል በርና መስኮት ይገጥም እንደ ሆነ፣ የጥገናው ጋራዥ ስንት የአየር ማውጫ እንደ ነበረው በሚያሳዩት ንድፎችና የጥገና መዝገቦች ውስጥ ነው፤ እነዚህንም የሚያዘጋጀውና የሚፈርምባቸው መሐንዲሱ ነው።