የወንበራዋ ሯጭ እና የደጋፊው ሚዛን፦ አልማዝ አያና፣ ሪዮ 2016 እና የአበረታች ቅመም ጥርጣሬ

ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ በሪዮ ደ ጄኔሮ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተጀመረ። ሩጫው ሲያበቃ የአልማዝ አያና ሰዓት 29:17.45 ነበር። ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስመዘገበችው የዓለም ክብረወሰን፣ 29:31.78፣ ለ23 ዓመት የደረሰበት አልነበረም። አልማዝ በ14 ሰከንድ ከምናምን አሻሻለችው። ተወልዳ ያደገችው በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ወንበራ ወረዳ ነው። መተከል ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ከዓባይ ወዲህ ማዶ ቢሆኑም የአሶሳ ሰው «የክልላችን ልጅ» ለማለት ርቀቱን አልቆጠረም። ክልሉ ስሙ በስፖርት ዜና የሚነሳበት ጊዜ ስንት ነውና።

ደስታው ገና ሳይበርድ ጥርጣሬው መጣ። የቢቢሲ ተንታኝ የነበረችው የማራቶን ሯጯ ፖላ ራድክሊፍ የ1993ቱን ሰዓት ባየች ጊዜ ማመን እንዳቃታት አስታውሳ፣ አሁን ደግሞ ያ ሰዓት እንዲህ ተቀዶ ሲጣል ምን ብላ እንደምትረዳው እንደቸገራት ተናገረች። በዚያው ውድድር የሮጠችው ስዊድናዊቷ ሳራ ላህቲ ከዚያም አልፋ አላምንም አለች። አልማዝ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ የእኔ አበረታች ቅመም ልምምዴና ኢየሱስ ናቸው የሚል መልስ ሰጠች። ለአማኝ ደጋፊ ይህ በቂ ነው። ለተጠራጣሪው ግን ምኑም አይደለም። የዚህ መጣጥፍ ጥያቄ ከሁለቱ መሀል የቆመው ደጋፊ ምን ይዞ ይመዝን የሚል ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ራሱን እንየው። የውድድሩን የመጀመሪያ አጋማሽ በአብዛኛው የመራችው ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ስትሆን 5 ሺህ ሜትሩ ያለፈው በ14:46 ገደማ ነው። አልማዝ ቀሪውን 5 ሺህ በ14:31 አካባቢ ጨረሰችው ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ በዚያው ስታዲየም በ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነሐስ ያገኘችበት ሰዓት 14:33.59 ነበር። የ10 ሺህ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻውን ከተሮጠ 5 ሺህ መፍጠኑ ጆሮን ያቆማል፤ ተጠራጣሪውም እዚህ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ሆኖም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በሮም 5 ሺህን በ14:12.59 ሮጣ ነበር። ይህ ሰዓት ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በኦስሎ ካስመዘገበችው ከያኔው የዓለም ክብረወሰን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ብቻ የሚዘገይ ነው። ለ14:12 ሯጭ 14:31 የማይደረስ አይደለም። ከሳምንት በኋላ የታየው ዝግመትም የድካም ነው ቢባል ያስኬዳል። አኃዙ ብቻውን ለማንም አይፈርድም።

ታዲያ ጥርጣሬው ለምን ከበደ? ዘመኑ ነዋ። በመጋቢት 2016 የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የፀረ-ዶፒንግ ሥርዓታቸው በአስጊ ሁኔታ ላይ ነው ከተባሉት አምስት አገሮች መካከል ጠራ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ጽሕፈት ቤት (ዛሬ ባለሥልጣን ነው) የተቋቋመው ደግሞ ከሪዮ በኋላ፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ነው። ራድክሊፍ የተጠራጠረችውም የአሶሳው ደጋፊ ያመነውም በአገር ቤት የተጠናከረ የምርመራ መዝገብ በሌለበት ወቅት ነው። ባዶ መዝገብ ንጹሕ መዝገብ ማለት አይደለም፤ የወንጀል ማስረጃም አይደለም። አልማዝ በአበረታች ቅመም ጥፋተኛ ተብላ አታውቅም።

ለሚዛኑ የሚጠቅመው የሌሎቹ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሴ በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ከጥሩነሽ ቀጥላ ሁለት ብር ወሰደች። ከዓመታት በኋላ ግን በ2007 በኦሳካ የሰጠችው ናሙና እንደገና ሲመረመር ስታኖዞሎል የተባለ ስቴሮይድ ተገኘበት፤ የሁለት ዓመት ውጤቷም ተሰረዘ። መሰረት ደፋር በቤጂንግ ያገኘችው ነሐስ ወደ ብር ከፍ አለ። ወደ መድረኩ የወጣችው ግን ነሐስ አንግታ ነው፤ ያን ቀን የሚመልስላት የለም።

የ2012ቱ የለንደን 1,500 ሜትር ፍጻሜ ደግሞ የባሰ ነው። ለኢትዮጵያ የሮጠችው አበባ አረጋዊ 5ኛ ገባች። ወርቅና ብር የወሰዱት ሁለቱ ቱርካውያን ሲሰረዙ 3ኛ ሆነች፤ በ2024 ሩሲያዊቷ ቶማሾቫም ስትሰረዝ ወደ 2ኛ ወጣች። በሌላ በኩል አበባ ለስዊድን ከሮጠች በኋላ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሜልዶኒየም ተገኘባት ተብላ ታግዳ ነበር። እገዳው በዚያው ዓመት ሐምሌ ተነሳላት። አንዲት ሯጭ በሌሎች ቅመም የተበደለች ሆና ራሷም የተጠረጠረች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። «የእኛ ንጹሕ፣ የእነሱ ቆሻሻ» የሚለው የደጋፊ ክፍፍል እዚህ ጋ አይሠራም።

በአሜሪካ ቤዝቦል ይህንኑ ክፍፍል በግልጽ አይተነዋል። በ1961 ሮጀር ማሪስ በአንድ የውድድር ዘመን የመታቸው 61 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) ክብረወሰን ሆኖ ለ37 ዓመት ሲቆይ፣ በ1998 ማርክ ማክጓየር 70፣ በ2001 ባሪ ቦንድስ 73 መቱ። ጥብቅ ምርመራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2007 የወጣው የቀድሞው ሴናተር ጆርጅ ሚቼል ዘገባ ከ80 በላይ ተጫዋቾችን ከአበረታች ቅመም ጋር አያይዞ በስም ጠቀሰ። ቦንድስን በሚጫወትበት ዘመን የሌላው ከተማ ተመልካች ሲያሽሟጥጠው የራሱ ቡድን የሳን ፍራንሲስኮ ደጋፊ ቆሞ ያጨበጭብለት ነበር። መለያው ልብን ይመራል። እኛም ብንሆን ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2024 በቺካጎ ማራቶን 2:09:56 ሮጣ በቀጣዩ ዓመት ስትታገድ «ድሮስ!» ያልን ጥቂት አይደለንም። የእኛ ሯጭ ስትጠረጠር «ቅናት ነው» ያልነውም እኛው ነን።

ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚፈልገው ጡንቻና ከጉዳት ቶሎ ማገገም ነው፤ ስቴሮይድ ይህን ይሰጣል። የረጅም ርቀት ሯጭ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ተሸካሚ ደም ነው፤ ስለዚህ ፈተናው ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛው ኢ.ፒ.ኦ. ነው። የዚህ ማጣሪያ ባዮሎጂካል ፓስፖርት ይባላል። አንድን ቅመም ከመፈለግ ይልቅ የአትሌቷን ደም በዓመታት ይከታተላል፤ ሄሞግሎቢኑና አዳዲሶቹ ቀይ የደም ሕዋሶች ከራሷ ልማድ ከወጡ ጥያቄ ይነሳል። በእኔ ግምት ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። ፓስፖርቱ መሞላት የሚጀምረው አትሌቷ ታውቃ የምርመራ ዝርዝር ውስጥ ስትገባ ነው። በወንበራ ኮረብታዎች ወይም በአሶሳ ወጣቶች ውድድር ላይ የምትሮጥ የ16 ዓመት ልጅ ደም ማንም አይወስድም። ከማትታወቅበት ወደምትታወቅበት የምትዘልበት ወቅት፣ ማለትም ዓለም የሚጠራጠርበት ጊዜ፣ ያለ መዝገብ ያልፋል። የአውሮፓ ወጣት ሯጭም እንዲሁ ያልፋል፤ ልዩነቱ የእሱን እድገት የሚያሳይ የትምህርት ቤትና የክለብ ሰዓት መኖሩ ነው። የእኛ የወረዳ ውድድር ሰዓት ብዙ ጊዜ በወረቀት ይቀራል፤ አንዳንዴም አይያዝም። አልማዝ ከ3 ሺህ መሰናክል ጀምራ፣ በ2013 በሞስኮ በ5 ሺህ ነሐስ፣ በ2015 በቤጂንግ ወርቅ አግኝታ ወደ ሪዮ መሄዷን የሚያውቅ ሰው «ከየት መጣች?» አይልም። ከዚያ ሁሉ በፊት ያለውን ግን የትኛው መዝገብ ይመልስለታል?

በዓለም የፀረ-ዶፒንግ ሕግ መሠረት የሪዮ ናሙናዎች እስከ ነሐሴ 2026 ድረስ እንደገና ሊመረመሩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ክስ አይመሠረትም። ክብረወሰኑ ራሱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፦ በሰኔ 2021 በሄንግሎ ሲፋን ሐሰን 29:06.82፣ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ለተሰንበት ግደይ 29:01.03፣ በግንቦት 2024 በዩጂን ቢያትሪስ ቼቤት 28:54.14 ሮጠዋል። በመሀል ከካርቦን ሰሌዳና ከአዲስ ስፖንጅ የተሠራው ጫማና ከትራኩ ጠርዝ የሚያበራው የፍጥነት መብራት መጥተዋል። ስለ ጫማው ደጋፊ ብዙም አይጨቃጨቅም፤ ሕጉ ፈቅዶታል፣ ማንም በሯጯ እግር ላይ ያየዋል። የቅመም ጥርጣሬ ግን የማይታየው ላይ ስለሚያርፍ በሪዮ የተጀመረው ክርክር ከክብረወሰኑ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በአሶሳም የወንበራዋ ልጅ ስም ሲነሳ ንጹሕ ነች ብሎ የሚምለውና አንገቱን የሚነቀንቀው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይጠጣሉ።