ቀፎና አበባ ከጎንደር እስከ ቤት ሸአን



በጎንደር ገጠር ንብ አናቢ ቀፎውን ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ሠርቶ በእበትና በጭቃ ይለስነዋል። እዚህ አገር ያደጉ አንዳንድ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥሩታል። ነገር ግን በፕሮፌሰር አሚሐይ ማዛር የተመራው የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ቁፋሮ በቤት ሸአን ሸለቆ፣ በቴል ረሖቭ፣ ከጭድና ካልተተኮሰ ጭቃ የተሠሩ 30 ያህል ቀፎዎች ተደርድረው መገኘታቸውን በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። ዕድሜያቸው 2,900 ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ጫፍ የንብ መግቢያ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍ ማር የሚቆረጥበት ክዳን አላቸው። እንግዲህ በጭቃ ቀፎ ንብ ማነብ ለእስራኤል ምድርም እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ቀፎ ግን ያለ አበባ ባዶ ነው። በጎንደር ክረምት ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፤ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። በእስራኤል ዝናቡ በብርዱ ወራት ስለሚጥል አበባ የሚበዛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ በጓሮም ሆነ በበረንዳ ለንብ የሚተክል ሰው ወራቱን ይከፋፍል፦ ሮዝመሪና ጦስኝ ለጸደይ፣ በሶብላ ለበጋ። በሶብላው ሁሉ ሳያብብ አይቀንጠስ፤ ጥቂቱ ለንብ ይቅር። ባበበ ተክል ላይ የተባይ መድኃኒት አይረጭ። ንቦች ቆመው እንዲጠጡ ጠጠር የተጨመረበት ውኃ በሳሕን ይቀመጥ።

የትኛው አበባ ምን ዓይነት ማር እንደሚሰጥ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ልጆች ሆይ፣ አብራችኋቸው ስትተክሉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።