ኩረጃና የዩኒቨርሲቲ ወንበር፦ ከወገራ ሲታይ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በደቡቧ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜኗ ደግሞ አዲሱ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ለሚያድግ የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ከመሬት ጥበት መውጫ ዋነኛ በር ነው። ስለዚህ የአካዳሚ ሐቀኝነት፣ ማለትም ተማሪ የሌላውን ዕውቀት የራሱ አስመስሎ ያለማቅረቡ ግዴታ፣ በዚህ አካባቢ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ ነው፤ በኩረጃ የተያዘ ወንበር ለሌላው የሚገባ ነበርና።

ልማዱ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። ተማሪዎች «አጤሬራ» የሚሏት፣ በደቃቅ ጽሕፈት ተሞልታ በእጅጌ ወይም በካልሲ የምትደበቅ ብጣሽ ወረቀት የምትጠቅመው ለያዛትና ቢበዛ ለጎረቤቱ ነበር፤ ስልክ ግን ጥፋቱን አገር አቀፍ አድርጎታል። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ የእንግሊዝኛው ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨታቸው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተሰጥቷል። የፈተና መሾለክ ከዚያም በኋላ ባለመቆሙ፣ የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ያለ ስልክ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አስገብቶ አስፈተነ፤ በጥር 2015 ይፋ በሆነው ውጤት ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቁጥሩን የኩረጃ መለኪያ ብቻ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ትምህርት አቋርጠዋል፣ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረትም የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ኩረጃ ይህን ሁሉ ጉድለት ለዓመታት ሸፍኖ መቆየቱ፣ የማያስተምር ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር እንዲቆጠር ማድረጉ፣ ከሁሉ የከፋ ጉዳቱ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥፋቱ መልኩን ይለውጣል። በመጨረሻው ዓመት የሚጠየቀው የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይም የቀድሞ ተመራቂ ሥራ የወረዳው ስም ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል። ቅጣቱ እንደየተቋሙ ደንብ ከፈተናው መሰረዝ እስከ መታገድና መባረር ይደርሳል። ያልተያዘውን ተማሪ ግን መዘዙ በሌላ መንገድ ያገኘዋል፤ በሕግ ትምህርት ቀደም ብሎ የተጀመረውና በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም የተዳረሰው የመውጫ ፈተና፣ አራት ዓመት ሙሉ የተደበቀውን ክፍተት በአንድ ቀን ያጋልጠዋል፤ በዚያው ዓመት ካለፉት ይልቅ የወደቁት በልጠዋል። በጤና ሙያ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ኮራጁ ሳይሆን፣ የመድኃኒት መጠን ማስላትን ከጓደኛው ወረቀት ገልብጦ ባለፈ ባለሙያ እጅ የሚወድቅ ታካሚ ነው፤ ከየገጠሩ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚላክ ሰው የሐኪሙን ሰርተፊኬት ለመመርመር አቅሙም ጊዜውም የለውም።

መፍትሔው በፍተሻና በጥበቃ ከታጠረ በቂ አይሆንም። በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ነባር ጉባኤ ቤቶች፣ ሊጤን የሚገባው የምዘና ሥርዓት አላቸው። የቅኔ ተማሪ ራሱ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይናገራል፣ ስለ ምሥጢሩ ይጠየቃል፣ ይታረማል። በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ሥርዓት ትምህርት፣ ማስመስከሪያነቱ በሚታወቀው በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያንም የተማረውን በመምህራን ፊት ያላሳየ ምስክር፣ ማለትም ለማስተማር የበቃ፣ አይባልም። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁሉ ይቅዳ ማለት አይቻልም፤ ክፍሎቹ ብዙ ተማሪ የሚይዙ ናቸውና። ቢሆንም አማካሪው ተማሪውን በየምዕራፉ ጠርቶ «ይህን መረጃ ከየት ሰበሰብህ? ይህን ዘዴ ለምን መረጥህ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን ከውጤቱ ጋር ቢያያይዝ፣ በገንዘብ የተገዛ ጽሑፍ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቃል። ለዚህ ግን አንድ መምህር የሚያማክራቸው ተማሪዎች ቁጥር መቀነስ፣ ለምክሩ የሚያውለውም ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት መቆጠር ይኖርበታል።