መቅደላ እና የዋድላ መንገድ
የግድግዳ ካርታ፣ 1860 ዓ.ም.

ቀዩ መስመር የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት አድርገው ዋድላ ገቡ። የኮን ከተማ ያለበት ይህ ደጋ ሜዳ ነው፤ ፈተናው ከቤተ ሖር ይጀምራል። መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ጅጣ ወንዝ ይወርዳል፣ ማዶ ወደ ደላንታ ይወጣል፣ ደግሞ ወደ በሽሎ ይወርዳል። ንጉሡ ድንጋይ እያስፈነዱ፣ ራሳቸውም እየሠሩ ገደሉን መንገድ አደረጉት። ከእንግሊዞች ጋር ካደረጉት ጦርነት ይልቅ ይህ ሥራ ሰውዬውን ያሳያል።

መቅደላ ከበሽሎ በስተደቡብ ያለች አምባ ናት። ቴዎድሮስ በ1848 ከያዟት ወዲህ ግምጃ ቤትም እስር ቤትም ነበረች፤ ምኒልክ ያመለጡት ከዚሁ ነው።

ጥቁሩ መስመር ከዙላ ወደብ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ነው። ዋድላ ላይ ከቀዩ ጋር ይገጥማል፦ እንግሊዞቹ ጅጣን የተሻገሩት ንጉሡ ባሠሩት መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 አሮጌ በተባለው ስፍራ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ከቀናት በኋላ አምባው ተቃጠለ፤ ብራናውና ዘውዱ ተጭኖ ሄደ። ሴባስቶፖል ግን ለመጫን ከበደ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።