ጳውሎስ ኞኞና የ"አጤ ምኒልክ" መጽሐፉ

ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ጳውሎስ ኞኞ በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ተወለደ። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም በራሱ ጥረት አንባቢ፣ ቀጥሎም ጸሐፊ ሆነ። ሕዝብ በይበልጥ ያወቀው በ"አዲስ ዘመን" ላይ "አንድ ጥያቄ አለኝ" በተሰኘው ዓምዱ ነው።

ያ ዓምድ የታሪክ መጻሕፍቱን ጠባይ ያስረዳል። ጳውሎስ ታሪክ ሲጽፍም ተራ አንባቢ የሚጠይቀውን ነበር የሚያስበው። በ1980 ዓ.ም. "የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት"፣ ባረፈበት በ1984 ዓ.ም. ደግሞ "አጤ ምኒልክ" ታተሙ። "አጤ ቴዎድሮስ" ከሞቱ በኋላ ወጣ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ "አጤ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት"ን ያሳተሙት ከጳውሎስ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ነው። የተክለ ጻድቅ የሥልጣንና የጦርነት ታሪክ ነው። የጳውሎስ ምኒልክ ግን ስለ ስልክ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ሆቴልና ስለ ሆስፒታል ይጨነቃል። ዓድዋን (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) ሳይዘነጋ ማለት ነው። የተለያዩ ጸሐፊዎችን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ማለፍ ይወዳል፤ የቱ ይታመን የሚለውን መመዘን ግን ብዙውን ጊዜ ለአንባቢው ይተወዋል።

ጉድለቱ ከቤተ መንግሥት ርቆ ሲነበብ ይጎላል። ከዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ ለሚኖር ሰው የምኒልክ ዘመን በቅድሚያ የስልክና የመኪና ዘመን አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የጌዴኦ ምድር ወደ ግዛቱ ሲጠቃለል ገበሬው ለሹምና ለወታደር ገባር ሆነ። የመሬቱ ጥያቄ እያደር ከርሮ በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ ላይ ደም ያፋሰሰ የገበሬ አመጽ አስነሳ። ምኒልክን በዘመናዊ ሥልጣኔ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ቁጣ ሥር የት እንደሆነ ሊገባው አይችልም።

እዚህ ላይ የሚረዳው ሌላው የጳውሎስ ሥራ ነው። የሰበሰባቸው የምኒልክ ደብዳቤዎች በ2003 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጥተዋል፤ በአገር ውስጥ የተጻጻፏቸው ለብቻ፣ ከውጭ አገሮች ጋር የተጻጻፏቸው ለብቻ። ለተመራማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ከትረካው የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ንጉሡ ሹማምንቱን ሲያዝና ሲቆጣ በራሱ ቃል ይሰማል። በሶንጎ ተቀምጠው ይዳኙ የነበሩ የጌዴኦ ሽማግሌዎች የተናገሩትን ግን የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አልመዘገበውም፤ እሱን ከአረጋውያን አፍ መሰብሰብ ያስፈልጋል።