ያልተከፈተው በር፦ ሜልቦርን፣ 1938

ከሜልቦርን መሃል ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው ፉትስክሬይ ዛሬ ለእኛ የእንጀራ፣ የቡናና የማኅበር ሠፈር ነው። ከእኛ በፊት በዚያው ሠፈር ስለ ኖሩት ስለ ዊልያም ኩፐር ግን በስብሰባዎቻችን ሲነሣ አልሰማንም።

ኩፐር የአገሩ ቀደምት ባለቤት ከሆነው ከዮርታ ዮርታ ሕዝብ የተወለዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን፣ ለቀደምት ተወላጆች በተከለለ መንደር የሚኖር ሽማግሌ የጡረታ አበል አያገኝም ነበርና፣ በ1933 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰባ ዓመት አልፏቸው መንደራቸውን ለቀው ፉትስክሬይ ገቡ። በአገራቸው ውስጥ ስደተኛ ሆኑ ማለት ነው። ባልንጀሮቻቸውን አስተባብረው የአውስትራሊያ ቀደምት ተወላጆች ሊግን መሠረቱ፤ ጸሐፊውም እርሳቸው ነበሩ። ሕዝባቸው በምክር ቤት እንዲወከል ለእንግሊዝ ንጉሥ ባዘጋጁት አቤቱታ ላይ 1814 ፊርማ አሰባሰቡ። መንግሥት ግን በ1938 አቤቱታውን ለንጉሡ አላስተላልፍም አለ።

1938 ለእኛም የመራራ ትዝታ ዓመት ነው። በኖቬምበር 16 ብሪታንያ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋለችው ስምምነት ሲጸና የፋሺስቱ ወረራ ዕውቅና አገኘ። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ በጀርመን የአይሁድ ምኵራቦች ተቃጥለው ነበር። ዲሴምበር 6 ቀን የሊጉ ልዑካን በመሃል ከተማ፣ በኮሊንስ ጎዳና ወደሚገኘው የጀርመን ቆንስላ ሄደው የአይሁድን ስደት የሚያወግዝ ውሳኔያቸውን ለማቅረብ ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከሕዝቡ ቍጥር ያስወጣቸው እነዚህ ሰዎች (ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1967 ነው) ስለ ሌላ ሕዝብ ሊሟገቱ በር አንኳኩ።

የስደት ማኅበሮቻችን በጎ ሥራ አላነሣቸውም፤ ልቅሶ ይደርሳሉ፣ ለአዲስ መጤ ቤት ይፈልጋሉ፣ ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥራሉ። ነገር ግን የሌላውን በደል ይዘን በር ማንኳኳት አልለመድንም፤ ብዙ ጊዜ በደላችን የሚበልጠው የእኛ ነው እያልን እርስ በርሳችን እንፎካከራለን። ከዚህ ወቀሳ እኛም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ነጻ አይደለንም። በ1936 ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያቋቋሙትን ሲልቪያ ፓንክረስትን ማንም አላዘዛቸውም ነበር።

ኩፐር በ1941 ዐረፉ። በ2012 የልጅ ልጃቸው ያንኑ ጉዞ ደግመው የደብዳቤውን ምትክ ሲያቀርቡ የጀርመን ቆንስል ተቀበላቸው። በፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ያለው የእግረኞች ድልድይ በኩፐር ስም ይጠራል፤ ለገበያ ስንወጣ የምንሻገረው እርሱን ነው።