ታንኳውን አይተን፣ ሠሪውን አልፈን

እንግዳ ሲመጣብን ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ይዘነው እንሄዳለን። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ያምራሉ፣ ክርክር የለኝም። መንገድ ላይ ግን አስጎብኚው «ታንኳ!» ይላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አለቀ። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ ያሰረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በተለይ ወይጦዎች ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲያልፍ ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ ያኛው ጠፍቷል። ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ጎረቤት ተጸየፋቸው፤ ሙስሊም ነን ቢሉም ሙስሊሙም በደንብ አላቀረባቸው። ስማቸው ራሱ ስድብ ሆኖ ቆይቷል፤ አስጎብኚዎቻችን ዝም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ደንገሉ ግን ከሰዎቹ ይልቅ ዝናው ርቋል። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰው በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገር ይችል እንደነበር ለማሳየት «ራ»ን ግብፅ ውስጥ አሠራ። ደንገሉ ከጣና ሄደ፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ መጡ። ጀልባዋ መንገድ ላይ ተበላሸች። በዓመቱ «ራ ሁለት»ን፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ሠሯት። ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ገባች።